የወጨጫው ልምምድ

(ህዳር 1964 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ። የኮልፌ ተማሪዎች በአውቶቡስ እስከ አየር ጤና፣ ከዚያ ወዲያ በእግራቸው መጥተው የወጨጫን ዳገት ተያይዘውታል። ከሁሉም ፊት ሁለት አስተማሪዎች ይሄዳሉ። ጉልላት የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፤ ቀጭን፣ አንገቱ ላይ ሻርፕ የጠመጠመ። ደመቀ የስፖርት አስተማሪ ነው፤ ግዙፍ፣ ፊሽካ ያንጠለጠለ። ተማሪዎቹ ራቅ ብለው ከኋላ ይከተላሉ። ነፋሱ ሣሩን መሬት ላይ ያስተኛዋል።)

ደመቀ፦ ከፊት ነው እልሃለሁ!

ጉልላት፦ ከኋላ ነው!

ደመቀ፦ ጉልላት፣ ፊቴን እየጠፈጠፈኝ እኮ ነው!

ጉልላት፦ ፊትህን ተወውና በእውቀት እንነጋገር። የህዳር ነፋስ ከየት ነው የሚነሣው? ከምሥራቅ። እኛ ወዴት ነው የምንሄደው? ወደ ምዕራብ። ስለዚህ ነፋሱ ከኋላችን ነው። አለቀ!

ደመቀ፦ እሺ። ይኼ ፊቴ ላይ ያለውስ?

ጉልላት፦ እሱ የሚመለሰው ነው።

ደመቀ፦ ከየት?

ጉልላት፦ ከሄደበት ነዋ! ከኋላችን መጣ፣ አለፈን፣ ተራራውን ገጨ፣ ተመለሰ።

ደመቀ፦ ሲያልፈን ግን አላየሁትም።

ጉልላት፦ ነፋስ አይታይም፣ ደመቀ!

ደመቀ፦ (አሰብ አድርጎ) ባርኔጣህ ግን ስትሄድ ታይታለች።

ጉልላት፦ (ራሱን ይዳብሳል) ባርኔጣዬ! ወዴት ሄደች?

ደመቀ፦ ወደ ኋላ። ከሚመለሰው ጋር።

ጉልላት፦ መቼ?

ደመቀ፦ «አለቀ!» ስትል።

ጉልላት፦ እና ዝም ብለህ ታያለህ?

ደመቀ፦ እያስረዳኸኝ ነበር። ሰው ሲያስረዳ ማቋረጥ ነውር ነው።

(ከኋላ አንዲት ተማሪ የጉልላትን ባርኔጣ ከፍ አድርጋ ታወዛውዛለች። አፏ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለም።)

ጉልላት፦ ማን ናት እሷ? ምን ትላለች?

ደመቀ፦ አልማዜ ናት። አፏ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ የሚመጣ ነገር ግን የለም።

ጉልላት፦ ነፋሱ ድምፅ ይበላል። እነሱ ሲናገሩ እኛ አንሰማም፤ እኛ ስንናገር እነሱ አይሰሙም። እኩል ነው።

ደመቀ፦ እኩል ነው?

ጉልላት፦ ከኛ እስከ እነሱ ያለው ርቀትና ከነሱ እስከ እኛ ያለው ርቀት አንድ አይደለም?

ደመቀ፦ አንድ ነው።

ጉልላት፦ ታዲያስ!

ደመቀ፦ ቆይ፣ አንዴ ፊሽካ ልንፋና ልየው። (ይነፋል። ተማሪዎቹ ባንድ ጊዜ ቀጥ ይላሉ።) ቆሙ።

ጉልላት፦ ደክሟቸው ነው።

ደመቀ፦ (እንደገና ይነፋል። ተማሪዎቹ መሄድ ይጀምራሉ።) ሄዱ።

ጉልላት፦ አረፉና ሄዱ።

ደመቀ፦ (እንደገና ይነፋል። ቀጥ ይላሉ።) ቆሙ።

ጉልላት፦ አየህ፣ ፊሽካውን ሰምተው አይደለም። ጉንጭህ ሲያብጥ እያዩ ነው። ከዚህ አየር ጤና ድረስ የሚታይ ጉንጭ ነው ያለህ!

ደመቀ፦ (ዘወር ብሎ ተማሪዎቹን ትክ ብሎ ያያል፤ ቆይቶ) እንግዲያው አይሰሙንም ማለት ነው።

ጉልላት፦ ምንም! ተራራ የሚወደደው ለዚህ እኮ ነው። ሰው የልቡን ያወራል። ለምሳሌ እኔ ዛሬ ከሱሪዬ ሥር ፒጃማ ለብሻለሁ።

ደመቀ፦ ምን ለብሰሃል?

ጉልላት፦ (በኃይል ጮኾ) ፒጃማ! ብርዱን ፈርቼ!

(ተማሪዎቹ ሆዳቸውን ይዘው እጥፍ ይላሉ።)

ደመቀ፦ ሆዳቸውን ያዙ።

ጉልላት፦ የጠዋቱ ዳቦ ነው። ሳያኝኩ ሲውጡት አይቻለሁ። ሌላም ልንገርህ? የካርታ ሥራቸውን አርሜ አላውቅም።

ደመቀ፦ ነጥብ ትሰጣቸው የለም እንዴ?

ጉልላት፦ በቀለሙ ነዋ! ሰማያዊው ደመቅ ካለ፣ ከፍ ያለ ነጥብ። ባለፈው አንዱ ቀይ ባሕርን ጎጃም ውስጥ አስገብቶ መጣ። ግን ምን የመሰለ ሰማያዊ ነው! ከሁሉም አስበልጬ ሰጠሁት።

(ከተማሪዎቹ መሐል አንዱ ዘሎ ያጨበጭባል። ሌሎቹ ይከቡትና ይገፈትሩታል።)

ደመቀ፦ አንዱ እያጨበጨበ ነው።

ጉልላት፦ እጁን እያሞቀ ነው። ይልቅ ዞር በልና አገርህን እይ! ያ ወዲያ ኮልፌ ነው። ያ የሚያብለጨልጨው የትምህርት ቤታችን ቆርቆሮ ነው።

ደመቀ፦ ይንቀሳቀሳል።

ጉልላት፦ ምኑ?

ደመቀ፦ ትምህርት ቤቱ። ወደ ጦር ኃይሎች ሰፈር እየሄደ ነው።

ጉልላት፦ (ዓይኑን አጥብቦ) ... አውቶቡስ ነው። ከትምህርት ቤቱ ፊት እያለፈ ነው ማለቴ ነው።

ደመቀ፦ (በረዥሙ ይተነፍሳል) ጦር ኃይሎች።

ጉልላት፦ ምነው? ጦር ኃይሎች ምን አደረገህ?

ደመቀ፦ ጉልላት፣ እኔም የልቤን ላውራ?

ጉልላት፦ አውራ! ማን ይሰማሃል?

ደመቀ፦ ሰብሌ።

ጉልላት፦ ኧረ አትሰማም! እዚያ ከሴቶቹ ልጆች ጋር መሐል ላይ ናት እኮ።

ደመቀ፦ አይደለም፤ የልቤ ጉዳይ ሰብሌ ናት ማለቴ ነው።

ጉልላት፦ (ይቆማል) ወይዘሪት ሰብሌ? የኛ የባልትና አስተማሪ?

ደመቀ፦ አዎ። ልታገባ ነው።

ጉልላት፦ ማንን?

ደመቀ፦ እኔን ብዬ ነበር።

ጉልላት፦ ነግረሃት ታውቃለህ?

ደመቀ፦ አላውቅም። አስቤ ብቻ ነው። ጦር ኃይሎች ጋ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያለው ሰውዬ ሽማግሌ ልኮባታል። አባቷ አቶ ዱባለ መልስ የሚሰጡት ነገ ነው። አልማዜ ጎረቤታቸው ናት፤ እሷ ነገረችኝ። ከነገ ወዲያ እንግዲህ ለኔ አበቃ።

ጉልላት፦ ታዲያ ዛሬውኑ ንገራታ!

ደመቀ፦ አልችልም። ሳያት ምላሴ ይታሰራል። ባለፈው ሰኞ «እንደምን አደሩ» ልላት ፈልጌ «ወደ ኋላ ዙር!» አልኳት።

ጉልላት፦ እሷስ ምን አደረገች?

ደመቀ፦ ዞረች። ዞራ ሄደች።

ጉልላት፦ አይ ደመቀ! እኔ ጓደኛህ እያለሁ? ሴትን ማናገር ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። እኔ ጠንቅቄ አውቀዋለሁ።

ደመቀ፦ ያናገርካት ሴት አለች እንዴ?

ጉልላት፦ አንብቤያለሁ! ና፣ አሁን እዚሁ እንለማመዳለን። እኔ ሰብሌን እሆናለሁ። (ሻርፑን ከአንገቱ ፈትቶ ራሱ ላይ ይከናነባል) ቀጥል።

ደመቀ፦ ወደ ኋላ ዞሬ ብናገርስ? ነፋሱ ዓይኔን እያስለቀሰኝ ነው።

ጉልላት፦ ዙር።

ደመቀ፦ ጮክ ልበል?

ጉልላት፦ ጩህ እንጂ! ድፍረት ከጉሮሮ ነው የሚጀምረው! (አፉን አጣሞ፣ በቀጭን ድምፅ) «ኧረ አቶ ደመቀ! ዛሬ ደግሞ ምን እግር ጣለዎት?»

ደመቀ፦ እሷ እንደሱ አትናገርም።

ጉልላት፦ ሴት ሁሉ እንደሱ ነው የምትናገረው።

ደመቀ፦ አፏንም አታጣምምም።

ጉልላት፦ አፌን ተወውና ንግግርህን ጀምር! በጂኦግራፊ ብትጀምር ጥሩ ነው። «ዓይኖችሽ እንደ ጣና ሐይቅ ናቸው» በላት።

ደመቀ፦ ጣና ውስጥ እኮ ጉማሬ አለ።

ጉልላት፦ ጉማሬውን ምን አመጣው?

ደመቀ፦ (ፊቱን ወደ ተማሪዎቹ አዙሮ፣ እንደ ሰልፍ አዛዥ እየጮኸ) ሰብሌ! ዓይኖችሽ እንደ ጣና ሐይቅ ናቸው! ጉማሬ የለባቸውም!

ጉልላት፦ ጉማሬውን ተወው አላልኩህም?

ደመቀ፦ የለም ነው ያልኩት።

ጉልላት፦ እሺ፣ ወደ ወንዙ እንሂድ። «ዓባይ ከጣና እንደሚወጣ፣ ልቤም ወዳንቺ ይፈሳል።»

ደመቀ፦ ዓባይ የሚፈሰው ወደ ግብፅ ነው።

ጉልላት፦ እና ቢሆንስ?

ደመቀ፦ ሰብሌ እኮ የተወለደችው ከፋ ነው።

(ተማሪዎቹ ሣሩ ላይ ወድቀው ይንከባለላሉ።)

ደመቀ፦ ወደቁ።

ጉልላት፦ ነፋሱ ነው የጣላቸው። ቀላል ናቸው፣ ገና ልጆች ናቸው። አንተ ግን ለጥበብ የተፈጠርክ አይደለህም! በቃ፣ በራስህ አማርኛ ተናገር። ምኗን አይተህ ነው የወደድካት?

ደመቀ፦ ልናገር?

ጉልላት፦ ተናገር።

ደመቀ፦ (ጉሮሮውን ይጠርጋል። ድምፁ እየቆየ ይጠነክራል።) ሰብሌ! ባለፈው ሰኔ አንዲት ልጅ ትኩሳት ይዟት ክፍል ውስጥ ወደቀች። አንቺ አዝለሻት በዝናብ ስትሮጪ አየሁ። ልቀበልሽ ብዬ ደረስኩ፤ ይኼን የሚያህል ሰውዬ! አንቺ ግን «አይ፣ እንዳትነቃብኝ፣ በሩን ብቻ ይክፈቱልኝ» አልሽኝ። ከፈትኩልሽ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስትመጪ ካየሁ በር ልከፍትልሽ እሮጣለሁ። ሌላ ምን እንደምሰጥሽ አላውቅም። ሱቅ የለኝም። ያለኝ ኳስ ነው፤ እሱም የትምህርት ቤቱ ነው!

(ተማሪዎቹ ከወደቁበት ተነሥተው ቁጭ ብለዋል። መሐላቸው አንዲት ሴት የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች።)

ጉልላት፦ ለዚህ ነው ጠዋት ጠዋት የመምህራን ክፍል በር ላይ የምትቆመው?

ደመቀ፦ ለዚህ ነው።

ጉልላት፦ እኔ ደግሞ ከኋላዋ ስገባ ለኔ የከፈትክልኝ እየመሰለኝ ሁልጊዜ አመሰግንህ ነበር!

ደመቀ፦ ዓይንህ እንባ አለው።

ጉልላት፦ ብርዱ ነው! ... ጥሩ ተናግረሃል። ጂኦግራፊ ጎድሎታል እንጂ ጥሩ ነው። ግን ዋናውን ነገር አላልክም፤ የምትፈልገውን ንገራት እንጂ።

ደመቀ፦ እሱንም ጮክ ብዬ?

ጉልላት፦ ከሁሉም በላይ እሱን!

ደመቀ፦ (ባለ በሌለ ድምፁ) ሰብሌ! ሽማግሌ ልላክ ወይ?

(ሴትየዋ ነጠላዋን አጥብቃ፣ የጉልላትን ባርኔጣ ከአልማዜ እጅ ተቀብላ፣ ወደ ላይ መውጣት ትጀምራለች።)

ደመቀ፦ መጣች።

ጉልላት፦ ማን?

ደመቀ፦ ሰብሌ።

ጉልላት፦ እንዴት ያለ መገጣጠም ነው! ረጋ በል። ምንም እንዳልተፈጠረ ሁን። እኔ ወሬ እከፍትልሃለሁ፤ አንተ የተለማመድከውን ቀስ አድርገህ ትነግራታለህ። ላብህን ጥረግ!

(ሰብሌ ትደርሳለች። ጉንጮቿ ከነፋሱ ቀልተዋል።)

ሰብሌ፦ አቶ ጉልላት፣ ባርኔጣዎን።

ጉልላት፦ (ሻርፑን ራሱ ላይ እንደተከናነበ) እግዜር ይስጥልኝ፣ ወይዘሪት ሰብሌ! ይኸውልዎ፣ ነፋሱ ከኋላችን ይመጣና...

ሰብሌ፦ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?

ጉልላት፦ ስለ ነፋሱ?

ሰብሌ፦ ስለ አፌ። እኔ ስናገር እንደዚያ አጣምመዋለሁ?

(ጉልላት ወደ ተማሪዎቹ ዘወር ይላል።)

ጉልላት፦ ሰ... ሰምታችኋል?

ሰብሌ፦ አጠገባችን ቆማችሁ የምታወሩ ነው የሚመስለው።

ጉልላት፦ ሁሉንም?

ሰብሌ፦ ሁሉንም።

ጉልላት፦ ፒጃማውንም?

ሰብሌ፦ ልጆቹ ባለ መሥመር ነው አይደለም እያሉ ሲከራከሩ ትቻቸው ነው የመጣሁት።

ጉልላት፦ ካርታውንስ?

ሰብሌ፦ እሱን ከራሳቸው ጋር ይነጋገሩበት።

ጉልላት፦ (ሻርፑን ከራሱ ላይ እየጎተተ) ደመቀ ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ! በሰው ፊት አዋረድኩህ። ወይዘሪት ሰብሌ፣ እሱ አንድ ጥፋት የለበትም። ሁሉም የኔ ነው። ዓባዩም የኔ ነው፣ ጉማሬውም የኔ ነው።

ደመቀ፦ ጉማሬው የኔ ነው።

ሰብሌ፦ አቶ ደመቀ።

ደመቀ፦ ወደ ኋላ... (አፉን በእጁ ይይዛል) እመት።

ሰብሌ፦ ይኼን ሁሉ ጊዜ በር ሲከፍቱልኝ፣ አፍዎን መክፈት እንዴት አቃተዎት?

ደመቀ፦ በሩ ይቀላል።

ሰብሌ፦ (ሳቋን እየታገለች) የሰውየው ሽማግሌዎች የመጡ ዕለት አባባ «ምን ትያለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። እሺም አላልኩ፣ እምቢም አላልኩ። ዛሬ ይናገራል፣ ነገ ይናገራል እያልኩ ስጠብቅ ነበር።

ደመቀ፦ ማንን?

ሰብሌ፦ አንተን ነዋ!

(ደመቀ ፊሽካውን በሁለት እጁ ጨብጦ ቆሟል።)

ሰብሌ፦ ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሌዎችህ ይምጡ። አባባን ዛሬ ማታ እኔው አናግረዋለሁ። ይቆጣል፤ ግን ይሰማኛል።

ደመቀ፦ ይመጣሉ።

ጉልላት፦ ሽማግሌነቱን እንግዲህ ለኔ...

ሰብሌ፦ አቶ ጉልላት፣ እርስዎ የመጡ እንደሆነ ባለ ሱቁን አገባለሁ።

(እየሳቀች ወደ ልጆቹ ትወርዳለች። ተማሪዎቹ ባርኔጣና ነጠላ እያወዛወዙ ይቀበሏታል።)

ጉልላት፦ «አንተ» አለችህ! ሰማህ? እኔን «እርስዎ»፣ አንተን «አንተ»!

ደመቀ፦ ሰማሁ።

ጉልላት፦ ዕድለኛ ነህ እኮ! ሳታስበው ነፋሱ ድምፅህን ባይወስድልህ ኖሮ ነገ አብቅቶልህ ነበር።

ደመቀ፦ አስቤው ነው።

ጉልላት፦ ምኑን?

ደመቀ፦ እንደሚሰሙን አውቄ ነው። ሜዳ ላይ ሳሠራቸው ሁልጊዜ ነፋሱን ወደነሱ አድርጌ ነው የምቆመው። ያለዚያማ ማን ይሰማኛል?

ጉልላት፦ ... አውቀህ ነው? ፒጃማዬን ስናገር አውቀህ ነው ዝም ያልከኝ?

ደመቀ፦ ብነግርህ ዝም ትል ነበር። አንተ ዝም ካልክ ደግሞ እኔ ብቻዬን ተራራ ላይ ቆሜ መጮህ ያሳፍረኛል። ፊቷ ስቆም ምላሴ ይታሰራል፤ ከሩቅ ሆኖ ግን ልሞክረው ብዬ ነው። አትቆጣኝ።

ጉልላት፦ እኔ እስከ ዛሬ አንተ ሞኝ ትመስለኝ ነበር።

ደመቀ፦ አውቃለሁ። ምንም አይደል። በደንብ አለማመድከኝ።

(ጫፉ ላይ ወጥተው፣ የያዙትን በልተው፣ መውረድ ይጀምራሉ። ጉልላትና ደመቀ እንደገና ከፊት ናቸው፤ ተማሪዎቹ ከኋላ። ነፋሱ አሁን ከተማሪዎቹ ወደነሱ ይነፍሳል።)

ጉልላት፦ ምንድን ነው ይኼ ድምፅ?

ደመቀ፦ ልጆቹ ናቸው። እያወሩ ነው።

ጉልላት፦ ጆሮዬ ሥር ነው እኮ!

ደመቀ፦ ስላንተ ነው የሚያወሩት።

ጉልላት፦ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። ፍጠን፣ ፍጠን! ፒጃማ የሚባል ነገር ዳግመኛ መስማት አልፈልግም።

ደመቀ፦ ፒጃማውን ጨርሰዋል። አሁን ሊድሩህ ነው።

ጉልላት፦ ምን ሊያደርጉኝ?

ደመቀ፦ አልማዜ «ለአቶ ጉልላትም ሚስት እንፈልግላቸው» እያለች ነው።

ጉልላት፦ ባለጌዎች! የአስተማሪ ክብር የሚባል ነገር ጠፋ! ... ማንን ነው ደግሞ የሚሉት?

ደመቀ፦ ወይዘሪት ዋጋነሽን። የቤተ መጻሕፍቷን።

ጉልላት፦ የማይሆን ነገር! ወይዘሪት ዋጋነሽ ካፏ ወጥቶልኝ የሚያውቅ ነገር ቢኖር «ድምፅዎን ይቀንሱ» ብቻ ነው። እኔ ሰው አውቃለሁ። ዓይኔን ማየት አትፈልግም።

ደመቀ፦ አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ ጠረጴዛዋ ሥር የምትደብቀው ላንተ ነው ይላሉ። ሌላ ሰው ሲጠይቃት «ተወስዷል» ትላለች አሉ።

ጉልላት፦ (እርምጃው ይቀንሳል) እኔ የሚደርሰኝ ቀድሜ ስለምሄድ ነው።

ደመቀ፦ አንተ ስትመጣ በመስኮቱ ካየችህ ፀጉሯን ታስተካክላለች አሉ።

ጉልላት፦ (ይቆማል) ማን አየ?

ደመቀ፦ ሁሉም አይተዋል። የሁሉም ክፍል ተማሪ ያውቃል።

ጉልላት፦ አንተስ?

ደመቀ፦ እኔም አውቃለሁ።

ጉልላት፦ እና አልነገርከኝም?

ደመቀ፦ የምታውቅ መስሎኝ። አንተ የማታውቀው ነገር ይኖራል ብዬ እንዴት ላስብ? እንዲያውም አንድ ቀን ልጠይቅህ ብዬ...

ጉልላት፦ እሽሽሽ!

ደመቀ፦ ምነው?

ጉልላት፦ (እጁን ጆሮው ላይ ደግኖ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እየተጠጋ) ዝም በል እስቲ! አልማዜ እየተናገረች ነው። ልስማበት!